የጎረቤት ድምፅ እንቅልፍ ለነሳችሁ፦ ጥያቄና መልስ ከድሬ

ሰላም የድሬና የሐረር ልጆች። ሥራዬ ልስንና ኮርኒስ ነው። ዛሬ ስለ ድምፅ ጠይቁኝ። አስቀድሜ ግን፦ አየር ባለፈበት ሁሉ ድምፅ ያልፋል። ቀዳዳ ሳትደፍኑ ምንም ዕቃ አትግዙ።

ከሳቢያን፦ አቦ፣ ከጎረቤት የሚለየን ባለ 20 ሳንቲ ብሎኬት ነው። ሲያወሩ ግን ቃል በቃል ይሰማኛል። ስፖንጅ ልለጥፍ?

መልስ፦ ስፖንጁን ተወው። ስፖንጅ እዚያው ክፍል ውስጥ የሚያስተጋባውን ይቀንሳል እንጂ ከወዲያ የሚመጣውን አያቆምም። እሳት ከነካው ደግሞ ቶሎ ይነዳል፣ ጭሱም መርዝ ነው።

ቃል በቃል ከተሰማህ መጀመሪያ ወደ ላይ እይ። ተደርድረው በተሠሩ ቤቶች ብዙ ጊዜ ብሎኬቱ ኮርኒሱ ጋ ሲደርስ ይቆማል። ከዚያ በላይ እስከ ቆርቆሮው ባዶ ነው። ባለፈው አንድ ቤት ገብቼ የጥጉን ቺፕውድ አነሳሁ። የጎረቤቱ አምፖል በሞራሌው መሃል ፊቴ ላይ አበራ። ብርሃን ካለፈ ድምፅን ማን ይከለክለዋል? ብሎኬቱን እስከ ቆርቆሮው ቀጠልን፣ ሁለቱንም ፊት ለሰንን፣ ከቆርቆሮው ሸንተረር ሥር ያለውን ክፍተት ሁሉ ደፈንን። በማግስቱ የቤቱ ባለቤት «ማታ የግድግዳዬን ሰዓት ሰማሁ» አለችኝ።

ከግድግዳው ስፋት ከመቶ አንድ እጁ ክፍት ከሆነ፣ የቀረው የፈለገውን ያህል ቢወፍር ግድግዳው የሚቀንሰው ድምፅ ከ20 ዴሲብል (የድምፅ መለኪያ ነው) ብዙ አያልፍም። ያልተለሰነ ብሎኬትም እንደ ቀዳዳ ቁጠረው። ተደፍኖ፣ ተለስኖ አሁንም ከተሰማ ያኔ ጂፕሰም ቦርድ እናስብ፦ ነባሩን ግድግዳ በማይነካ ፍሬም ላይ ድርብ ቦርድ፣ መሃሉ ላይ ሮክ ዉል (ከድንጋይ የሚሠራ ጥጥ መሰል ነገር)።

ከገንደ ቆሬ፦ የእንቁላል ካርቶንስ?

መልስ፦ አይሠራም። ድምፅን የሚያቆመው ክብደት ነው፣ ካርቶን ክብደት የለውም።

ከከዚራ፦ ቤቴ ድምፅ ያስቸግረዋል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የምን ድምፅ? ባጃጅ? ቴሌቪዥን? የእግር ኮቴ? በየት በኩል? እንዲህ ተጠይቆ አይመለስም ወንድሜ።

ከሐረር፣ ጀጎል፦ እኛ ጋ የአያቶቻችን ግድግዳ ድንጋይ ነው። ጎረቤት አይሰማም። ብሎኬት መሥራት ካላቆማችሁ መፍትሔ የላችሁም።

ከለገሀሬ፦ አቦ፣ ዛሬ በድንጋይ ማን ይችላል? የከዚራ የባቡር ዘመን ቤቶችም ወፍራም ናቸው፣ ግን ማን ያን ያወጣል?

ከሐረር፣ ጀጎል፦ ሙቀትም ይከላከላል እኮ! ድሬ ደግሞ ይበልጥ ያስፈልጋታል።

መልስ፦ ስለ ሙቀት ሌላ ቀን ተከራከሩ። የጀጎሉ ልጅ ስለ ክብደቱ ልክ ነው። የግድግዳው ክብደት እጥፍ ሲሆን የሚያልፈው ድምፅ 6 ዴሲብል አካባቢ ይቀንሳል። ግን በሩ ሥር ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካለ የድንጋዩ ልፋት ከንቱ ነው። ላሜራ በር ያላችሁም ዙሪያውን ጎማ አስሩለት።

ከሳቢያን፣ ሌላ፦ በዚህ ሙቀት መስኮት ዘግቼ እንዴት ልተኛ?

መልስ፦ እህቴ፣ የድሬ ትልቁ ጥያቄ ይሄ ነው። መስኮት ከተከፈተ የግድግዳው ሥራ ብዙ ዋጋ የለውም፣ አልዋሽሽም። ከተቻለ መኝታሽን ወደ ጓሮ አዙሪው። የመንገዱን ዝጊ፣ የጓሮውን ክፈቺ፣ ቬንትሌተሩ አየሩን ያንቀሳቅሰው።

ከመጋላ፦ ፎቅ ላይ ያሉት ሲራመዱ ጭንቅላቴ ላይ ነው።

መልስ፦ ከታች ሆነህ የምትሠራው ትንሽ ነው። እነሱ ወፍራም ምንጣፍ ያንጥፉ። ሄደህ በሰላም አናግራቸው።

ከገንደ ቆሬ፣ ሌላ፦ ጄኔሬተሩን በሣጥን ብዘጋውስ?

መልስ፦ ሙሉ በሙሉ አትዝጋው። አየር ካላገኘ ይግላል፣ ጭሱም ይገድላል። ከሥሩ ጎማ አድርግ፣ ከቤት አርቀው።

ከከዚራ፣ ሌላ፦ ጥሩ ስፖንጅ የት ይገኛል?

መልስ፦ ከላይ አንብብ እባክህ። ቀዳዳ ሳትደፍን ምንም አትግዛ ብያለሁ።

ከሳቢያን፣ የመጀመሪያው፦ አቦ፣ አሁን ኮርኒሱን አንስቼ አየሁ። ክፍት ነው! የጎረቤቴ ቡና ሽታ ሁሉ ይመጣል።

መልስ፦ አገኘኸው! ከብሎኬቱ ጫፍ እስከ ቆርቆሮው ስንት ሳንቲ እንደሆነ ለክተህ ጻፍልኝ። የኤሌክትሪክ ሽቦ በዚያ ካለፈ አትንካው። ጎረቤትህንም አናግር፣ በእሱ በኩልም መለሰን አለበት።