«ዎተር ዳውን» እና የጠላ ቤታችን ቅራሪ

ባለፈው ቅዳሜ ፒያሳ ከተማሪዎቼ ጋር ስንገናኝ ጥያቄው ሁሉ «ዎተር ዳውን» በሚለው የእንግሊዝኛ ግስ ላይ ሆነ። የጠየቁኝንና የመለስኩትን ላካፍላችሁ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ «ውሃ ወደ ታች» ማለት ነው?

አይደለም። ሁለቱ ቃላት ተጣምረው አንድ ግስ ሆነዋል፤ በረዘ፣ አቀጠነ ማለት ነው። ጠላው ተቀድቶ ሲያልቅ እናቶቻችን አተላው ላይ ውሃ ጨምረው ቅራሪ ያወጡ የለ? ጉሹ ራስ ይይዛል፤ ቅራሪውን ልጅም ይጠጣዋል። መልኩ ጠላ ነው፣ ጉልበቱ ግን የለም። ረቂቅ ሕግ ወይም ሪፖርትም ጠንካራው ቃሉ ወጥቶ ስሙ ብቻ ሲቀር «ዎተርድ ዳውን» ይባላል።

ጥያቄ፦ እንግዲያው ሁልጊዜ «በረዘ» ብለን እንተርጉመው?

ለመጠጥ አዎ። «የተበረዘ ታሪክ» ስንል ግን ባዕድ ነገር ገባበት ማለታችን ነው። እንግሊዝኛው የሚናገረው ስለ ኃይል መቀነስ ነው። ስለዚህ ለሕግ «አላሉት» ይሻላል።

ጥያቄ፦ አስጎብኚ ነኝ። «ዝናቡ የግንቡን ድንጋይ ዎተር ዳውን አድርጎታል» ብላቸው እንግዶቹ ግራ ተጋቡ።

ድንጋይ በዝናብና በነፋስ ሲበላ «ዌር አወይ» ነው የሚባለው። ነፋስ ወይም እሳት ሲበርድ «ዳይ ዳውን»፣ የጥርስ ማደንዘዣ ሲለቅህ ደግሞ «ዌር ኦፍ»። በራሱ ለሚደክም ነገር «ዎተር ዳውን» አይሆንም፤ የሚያቀጥን እጅ ይፈልጋል።

ጥያቄ፦ «ዎተር ዳውን ኢት» ትክክል ነው?

«ዎተር ኢት ዳውን» በል። ተውላጠ ስም ሁልጊዜ መሃል ይገባል፤ ስም ከሆነ ግን መሃልም መጨረሻም ይሆናል። «ዳውን»ን ከተውከው አትክልት ማጠጣት ይሆንብሃል።

ጥያቄ፦ የሰፈራችንን የመንገድ አቤቱታ ወደ እንግሊዝኛ ስመልስ ለስለስ አደረግሁት። «ዎተር ዳውን አደረግሁት» ልበል?

እህቴ፣ ይህ ግስ አብዛኛውን ጊዜ ወቀሳ አለበት። ፍሬ ነገሩን ሳትነኪ አነጋገሩን ብቻ ካለዘብሽው «ቶን ዳውን» ነው፤ እሱ አያስወቅስም። (ደብዳቤውን አሳየችኝ። አማርኛው «በሦስት ወር ውስጥ ይጠገንልን» ይላል፤ የእሷ ትርጉም ግን «ቢታሰብበት ደስ ይለናል»።) ይሄ እንኳ በእውነት ዎተር ዳውን ነው። ሰላምታሽ ያማረ ነው፣ አትንኪው፤ ሦስት ወሩን ግን መልሰሽ አስገቢ።