የሆቴሉን ሰርቨር ዲስኮች ከመሸጥህ በፊት

ዲስኮቹን ፎርማት አድርጌያለሁ፣ ይበቃል ወይ ላልከኝ፦ አይበቃም። ከኮንትሮለሩ (ዲስኮቹን ከሚያስተዳድረው ካርድ) ላይ ሬይዱን፣ ማለትም ዲስኮቹን እንደ አንድ የሚያሠራውን አደረጃጀት፣ አጥፍተህ ፈጣን ፎርማት ማድረግህ የፋይሎቹን ማውጫ ብቻ ነው የነካው፤ የእንግዶቹ ፓስፖርት ኮፒና የሆቴሉ ሂሳብ እዚያው ዲስኩ ላይ አሉ።

1. ዲስኮቹን ከሬይድ ካርዱ ነቅለህ ሳታ (SATA፣ የተለመደው የዲስክ ማገናኛ) ከሆኑ በቀጥታ ማዘርቦርዱ ላይ ሰካቸው። ሳስ (SAS፣ የሰርቨር ዲስክ ማገናኛ) ከሆኑ ኤችቢኤ ካርድ (HBA፣ ያለ ሬይድ ዲስኮቹን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኝ) ተዋስ።
2. ከፍላሽ ሊኑክስ አስነሳና በኤንዋይፕ (nwipe፣ ዲስክ የሚያጸዳ ፕሮግራም) ሙሉውን ዲስክ አንድ ዙር ዜሮ ጻፍበት፤ የተጻፈውን መልሶ አንብቦ የሚያጣራውን ማረጋገጫም አብራ። ሰባት ዙር ካላደረግህ የሚሉህን እርሳቸው፣ ለሚሽከረከር ዲስክ አንዱ ይበቃል።
3. ኤስኤስዲዎቹን (SSD፣ የሚሽከረከር ነገር የሌላቸውን ዲስኮች) ለብቻ አድርጋቸው። ከላይ መጻፍ የማይደርስበት የተደበቀ ቦታ ስላላቸው የዲስኩን የራሱን የሴኪዩር ኢሬዝ (ሙሉ በሙሉ የማጥፊያ) ትዕዛዝ ተጠቀም።

4 ቴራባይት ዲስክ መጻፉ ብቻ 7 ሰዓት ያህል ይፈጃል፣ ማረጋገጫው ደግሞ ሌላ ያን ያህል። የባሕር ዳርን መብራት ታውቀዋለህ፤ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ) ከሌለህ ባትጀምረው ይሻላል። መሃል ላይ ከጠፋብህ ከዜሮ ጀምር።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ፦ ስህተት ገጥሞት ማጥፋቱ መሃል ላይ የቆመ ዲስክ ካለቁት ጋር ተደባልቆ ሲሸጥ አይቻለሁ። ኤንዋይፕ ሴሪያል ቁጥሩን ያሳይሃል፤ ያለቀውን በፕላስተር ጽፈህ ለጥፍበት። ያላለቀውን ገዢው እባክህ ቢልህም አትስጠው፣ ውስጡ ያሉት መረጃ የሚያዝባቸው ሳህኖች ድረስ በመሰርሰሪያ ብሳው።