የአርበኞቹ አምስት ዓመትና የእንግሊዝ እርዳታ፦ ለጠየቃችሁኝ መልስ

ባለፈው ስለ ሚያዝያ 27 ከጻፍኩ ወዲህ ብዙ ጥያቄ ደረሰኝ። አብዛኞቻችሁ የጠየቃችሁት ስለ አንድ ነገር ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን እንግሊዝ ለአርበኞቻችን ያደረገችው እርዳታ ምን ያህል ነበር? በምን ሁኔታስ መጣ? የሚመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ። ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።

ከባሕር ዳር፦ ጋሼ፣ «እንግሊዝ ነፃ አወጣችን» የሚሉ አሉ። «አርበኞቻችን ብቻቸውን አባረሩት» የሚሉም አሉ። እርስዎ የትኛውን ይላሉ?

ሁለቱንም አልልም። አዲስ አበባ በሚያዝያ 1928 ተያዘች። ከዚያ እስከ ሰኔ 1932 ድረስ፣ አራት ዓመት ሙሉ፣ አርበኛውን ሊያግዝ የመጣ የአንድም አገር ጦር የለም። እንዲያውም እንግሊዝ በ1930 ከሙሶሊኒ ጋር ተዋውላ፣ በ1931 መጀመሪያ ላይ ኢትዮጵያ የጣሊያን መሆኗን አምና ተቀብላለች። የየካቲት 12 ደም ገና ሳይደርቅ ማለት ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ጫካውን ይዞ የቆየው የጎጃም፣ የበጌምድር፣ የሸዋ፣ የላስታና የሌላውም አገር ገበሬ ነው።

በሌላ በኩል አርበኛው አውሮፕላን የለው፣ መድፍ የለው። ኤርትራ ውስጥ ያለውን የከረን ምሽግ ሰብሮ መግባት ከጥር መጨረሻ እስከ መጋቢት 1933 ድረስ የሕንድና የእንግሊዝ ክፍለ ጦሮችን የፈጀ ሥራ ነበር። ያንን አርበኛ ብቻውን ይሠራው ነበር ማለት አልችልም። ግን አስቡት፤ ጣሊያን ጎጃም ውስጥ በዳንግላ፣ በቡሬ፣ በደምበጫና በደብረ ማርቆስ ምሽግ ያስቀመጠውን ጦር ነፃ አውጥቶ ወደ ከረን ቢልክ ኖሮስ? አልቻለም። አርበኛው ይዞት ነበር።

ከሐዋሳ፦ ታዲያ እንግሊዝ ለምን ሐሳቧን ቀየረች?

ሰኔ 3 ቀን 1932 ሙሶሊኒ ጦርነት ስላወጀባት ነው። ሌላ ምክንያት አትፈልጉ። ጣሊያን በምሥራቅ አፍሪካ አገሬውን ወታደር ጨምሮ ከሩብ ሚሊዮን በላይ ጦር ነበረው። ሱዳን ውስጥ የነበረው የእንግሊዝ ጦር ከዚያ ጋር ሲተያይ እዚህ ግባ የማይባል ነበር። እንግሊዞች ጣሊያንን ከውስጥ የሚወጋላቸው ሰው ፈለጉ። ያ ሰው ደግሞ አራት ዓመት ሙሉ ሲዋጋ ቆይቶ አገኙት።

ከደብረ ማርቆስ፦ «ሚሲዮን 101» የሚባለው ማን ነው? ምንስ ሠራ?

ይህን ጥያቄ ወደድኩት፤ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

መጀመሪያ የሄደው ደብዳቤ ነው። ቺዝማን የሚባል ሰው ነበረ። ቀድሞ ዳንግላ የእንግሊዝ ቆንሲል ሆኖ የኖረና የጎጃምን አለቆች በስም የሚያውቅ ሰው ነው። ጦርነቱ እንደታወጀ ከካርቱም ለጎጃምና ለበጌምድር አርበኞች መልእክት ተላከ። ጣሊያን የጋራ ጠላታችን ሆኗል፤ ጠመንጃ፣ ጥይትና ገንዘብ ከፈለጋችሁ ሰውና የጭነት ከብት ላኩ የሚል ነበር። አርበኞቹም ላኩ።

ቀጥሎ የሚሲዮን 101 መሪ ኮሎኔል ዳንኤል ሳንድፎርድ ጥቂት ሰዎቹን ይዞ ነሐሴ 6 ቀን 1932 ከሱዳን ድንበር ተሻገረ። ሳንድፎርድ ከወረራው በፊት ሙሎ ላይ እርሻ ይዞ ለዓመታት የኖረ ሰው ነው። ወሩን ልብ በሉ፤ ነሐሴ ነው። ወንዙ ሞልቷል፣ ቆላው ወባ ነው። የያዛቸው እንግሊዞች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ አንድ ሐኪምና የሬዲዮ ሠራተኛም አሉበት። ሬዲዮው ትልቅ ነገር ነበር። ከዚያ በፊት ከጎጃም ካርቱም መልእክት የሚደርሰው በእግረኛ ነው፤ ሳምንታት ይፈጃል። አሁን ሳንድፎርድ ጎጃም ተራራ ላይ ተቀምጦ የጣሊያንን እንቅስቃሴ ለካርቱም መናገር ቻለ።

እኔ ግን ከሬዲዮው ይልቅ አዛዥ ከበደ ተሰማን አስቀድማለሁ። የንጉሡ፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ እንደራሴ ሆነው ከሳንድፎርድ ጋር የገቡ ናቸው። ጎጃም ውስጥ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ በአገር ግዛት የተነሳ ተቃቅረው ነበር። አንዱ ሲዋጋ ሌላው ዝም ብሎ ያያል። ይህንን ጠብ ፈረንጅ አይፈታውም። የንጉሡን ቃል የያዘ፣ የአገሩን ወግ የሚያውቅ ሽማግሌ ያስፈልገዋል። ሁለቱ ደጃዝማቾች ተስማምተው አብረው ለመዝመት ቃል ገቡ። በእኔ ግምት ከአንድ ሺህ ጠመንጃ ይበልጣል።

ኅዳር 11 ቀን 1933 ሻለቃ ኦርድ ዊንጌት በትንሽ አውሮፕላን ሰከላ አካባቢ፣ አርበኞች በጠረጉት ጠባብ ሜዳ ላይ አርፎ ከሳንድፎርድ ጋር ተነጋገረ። የንጉሡ አገባብና መንገዱ የተቆረጠው ያኔ ነው።

ከዋሽንግተን፦ እንግሊዞች ንጉሡን እንዴት ነበር የያዟቸው? በክብር ነው ወይስ እንደ ስደተኛ?

እንደየሰዉ ነው። ከእንግሊዝ ሲነሱ «ሚስተር ስትሮንግ» በሚል የሐሰት ስም፣ በባሕር አውሮፕላን ወደ ግብፅ መጡ። የሱዳን ባለሥልጣኖች መምጣታቸውን ሲሰሙ ደነገጡ። ወዲያው ወደ ካርቱም እንዲገቡ አልፈለጉም፤ ዋዲ ሃልፋ ላይ አቆዩአቸው። ካርቱም ከገቡ በኋላም የጠበቁትን መሣሪያ አላገኙም። በጥቅምት 1933 የእንግሊዙ ሚኒስትር አንተኒ ኤደን ካርቱም መጥቶ ከጄኔራሎቹ ጋር ሲሰበሰብ፣ ንጉሡ ቅሬታቸውን ፊት ለፊት ነገሩት። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተፋጠነ።

እንግሊዝ ኢትዮጵያ ነፃ አገር ሆና ብትመለስ ደስ ይለናል፣ የንጉሡንም የዙፋን መብት እናውቃለን ብላ በፓርላማዋ የተናገረችው ጥር 27 ቀን 1933 ነው። ንጉሡ ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ የሰቀሉት ግን ጥር 12 ነው። ቃሉ የመጣው ንጉሡ አገራቸው ከገቡ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ይህ የሚያናድዳችሁ ካላችሁ እኔንም ያናድደኛል።

ከናዝሬት፦ ለአርበኞች የተሰጠው መሣሪያና ገንዘብ ምን ያህል ጠቀመ?

ጠመንጃው አሮጌ ነበር። በመጀመሪያው ወራት ድንበር ድረስ ወርደው የተቀበሉት አንዳንዶቹ፣ ከጣሊያን የማረኩት ምንሽር ይሻላል ብለው አዝነዋል። ልክ ነበሩ። ገንዘቡ ግን ጠቅሟል። ገበሬው የጣሊያን ወረቀት አይቀበልም፤ የሚያምነው ማሪያ ትሬዛ ብሩን ነው። እንግሊዞች ይህን ስለሚያውቁ ቦምቤይ ድረስ አስመትተው አመጡ። በብር እህል ይገዛል፣ በቅሎ ይከራያል፣ ስንቅ ያለ ዝርፊያ ይገኛል። ባላገሩ ካልተዘረፈ ደግሞ ለጠላት አይጠቁምም።

ወረቀቱንም አንርሳ። ጆርጅ ስቲር የሚባል ጋዜጠኛ ካርቱም ላይ «ባንዲራችን» የሚል የአማርኛ ጋዜጣ ያሳትም ነበር። የንጉሡ አዋጅም ማኅተሙ ታትሞበት ከአውሮፕላን ይበተን ነበር። ለጣሊያን የተሰለፈው ብዙ ወታደር ጠመንጃውን ይዞ የከዳው ያንን ማኅተም አይቶ ነው።

ከሮም፦ ጣሊያኖችም ከአርበኞች ጎን ነበሩ ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው?

እውነት ነው። አንቺ እዚያ ስላለሽ ደግመሽ ብታነቢው ደስ ይለኛል። ኢሊዮ ባሮንቲኒ የሚባል ከሊቮርኖ የመጣ ኮሙኒስት ነበር፤ በስፔን ጦርነት ተዋግቷል። እሱና ሁለት ጓደኞቹ፣ አንቶን ኡክማርና ብሩኖ ሮላ፣ በ1931 ገደማ በሱዳን በኩል ገብተው ከአርበኞች ጋር ኖሩ። ጳውሎስ፣ ዮሐንስና ጴጥሮስ በሚል ስም ይጠሩ ነበር። የውጊያ ስልት አስተማሩ፣ በራሪ ጽሑፍም አባዙ። ባሮንቲኒ በኋላ አገሩ ተመልሶ ጀርመኖችንና ፋሺስቶችን ወግቷል። በዚያው ሰሞን ሎሬንዞ ታዕዛዝ ከንጉሡ ተልኮ ጎጃም ገብቶ፣ አርበኛው እንዳልጠፋ በዓይኑ አይቶ ተመልሷል። ሞኒዬ የሚባለው ፈረንሳዊም መጥቶ እዚያው ጎጃም ሞቷል። እንግሊዝ ገና ከሙሶሊኒ ጋር እጅ እየተጨባበጠች ሳለ የተደረገ ነውና፣ ለእኔ ክብሩ ከፍ ያለ ነው።

ከደሴ፦ የግመሎቹ ነገር እውነት ነው?

አዎ። ከሱዳን ወደ 15,000 የሚጠጋ ግመል ተሰብስቦ ስንቅና ጥይት ይዞ ወደ በላያ ተራራ ተነዳ። ግመል የበረሃ ከብት ነው፤ የጎጃም ድንጋይ፣ ዳገትና ብርድ አልሆነለትም። በየመንገዱ አለቀ፤ አዲስ አበባ የደረሰው በጣት የሚቆጠር ነው። ኋላ የመጣው ጦር መንገድ መሪ አላስፈለገውም፤ የሞተ ግመል ሽታ ይበቃው ነበር። የንጉሡ መኪናዎችም ቁጥቋጦው ውስጥ ቀሩ። ጎጃሜዎቹ በበቅሎና በአህያ ጭነት ማመላለስ ሲጀምሩ ነው ስንቁ የተስተካከለው።

ከጎንደር፦ የጌዴዎን ጦር ከሁለት ሺህ የማይበልጥ ሆኖ እንዴት ያን ሁሉ ጣሊያን አሸነፈ?

በሌሊት እየወጋ፣ በቀን እየተደበቀ፣ ብዙ መስሎ በመታየት። የጌዴዎን ጦር የሚባለው ዊንጌት ያዘዘው፣ ንጉሡን ይዞ ጎጃም የገባው ጦር ነው፤ እሱም የሱዳን ድንበር ጠባቂ ሻለቃና ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ነው። ይኸኛው ሻለቃ ኬንያ ስደተኛ ጣቢያ ከነበሩ ወገኖቻችን የተመለመለ ነው፤ እነዚህ ሰዎች ሲረሱ ያሳዝነኛል። በየካቲት መጨረሻ 1933 ጣሊያኖች ቡሬን ለቀው ሲወጡ፣ ቻረቃ ወንዝ ላይ ይህ አንድ ሻለቃ ብቻውን በሺህ የሚቆጠር ጦር ወረደበት። ብዙ ሰው ከፈለ፤ ግን ጠላትንም ክፉኛ ጎዳ።

ጣሊያኖቹ የሸሹበት ዋና ምክንያት ግን ሌላ ነው። በዙሪያቸው ያለው አገር በሙሉ ተነስቷል። ጋራው ሁሉ የተኩስ ድምፅ ነው፤ ስንት ሰው እንዳለ ማን ይቆጥራል? መጋቢት 28 ንጉሡ ደብረ ማርቆስ ገቡ። በዚያኑ ዕለት ከኬንያ የመጣው የጄኔራል ካኒንግሃም ጦር አዲስ አበባን ያዘ። ከደብረ ማርቆስ የሸሸውን የጣሊያኑን አዛዥ የማራቬንታኖን ጦርም ዊንጌትና ራስ ካሣ ኃይሉ ከአርበኞች ጋር ተከትለው፣ በግንቦት አጂባር ላይ እጅ አሰጡት።

ከሞጣ፦ እንግሊዞች በላይ ዘለቀ የጣሊያንን ጦር ሳፋርታክ ላይ ዝም ብሎ አሳለፈ ብለው ጽፈዋል። ምን ይላሉ?

ጽፈዋል። ከጣሊያን ጋር የወገኑት ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት በጋብቻ ተስፋ አባበሉት ነው የሚሉት። ጦሩ ዓባይን ያለ ከባድ ውጊያ መሻገሩ እውነት ነው። ምክንያቱን ግን የምንሰማው ከእንግሊዝ መኮንኖች አፍ ብቻ ነው። በላይ አምስቱን ዓመት ማንም ሳይረዳው፣ ማንም ሳይሾመው የተዋጋ ሰው ነው። በአንድ ቀን ድርጊት፣ ያውም በሌላ ሰው ብዕር፣ አልመዝነውም። በጥር 1937 በገዛ መንግሥቱ መሰቀሉ ደግሞ እስከ ዛሬ ያመኛል።

ከአዲስ አበባ፦ ሴቶቹስ?

ሸዋረገድ ገድሌን አንሺ። አዲስ አበባ ተቀምጣ መረጃ፣ መድኃኒትና ጥይት ለጫካው ታሻግር ነበር። ተይዛ ተገረፈች፣ ጣሊያን አገር ድረስ ታሰረች። ተመልሳም እንደገና ቀጠለች። ከበደች ሥዩም ባሏን ገድለውባት ጦር መርታለች። የውስጥ አርበኞች ባይኖሩ የጫካው አርበኛ ዕውር ይሆን ነበር። ለንደን ውስጥ ደግሞ ሲልቪያ ፓንክረስት ከ1928 ጀምራ ለኢትዮጵያ የሚሟገት ጋዜጣ ታወጣ ነበር። መንግሥቷ ፊቱን ባዞረበት ጊዜ እሷ አላዞረችም።

ከድሬዳዋ፦ ሌሎች አፍሪካውያንም ተዋግተዋል?

ሱዳኖች፣ ናይጄሪያውያን፣ የዛሬዎቹ ጋናውያን፣ ኬንያውያን፣ ደቡብ አፍሪካውያን። በምዕራብ በኩል የቤልጅግ ኮንጎ ወታደሮች ደምቢዶሎ ድረስ መጥተው በሰኔ 1933 የጣሊያኑን ጄኔራል ጋዜራን ማርከዋል። ራሳቸው በቅኝ ግዛት ሥር ያሉ ሰዎች ነበሩ።

ከለንደን፦ ከድሉ በኋላ እንግሊዝ አገሩን ልትይዘው ነበር የሚባለው የተጋነነ አይደለም?

አይደለም። ካኒንግሃም ንጉሡ ቶሎ አዲስ አበባ እንዳይገቡ ፈልጎ ነበር፤ ለጣሊያን ሲቪሎች ፈርቼ ነው አለ። ንጉሡ ግን ጉዞውን ቀጠሉ። ሚያዝያ 27 እንጦጦ ላይ ራስ አበበ አረጋይ አርበኞቻቸውን አሰልፈው ተቀበሏቸው። ግንቦት 3 ሚኒስትሮች ሲሾሙ እንግሊዞች ተቃወሙ፤ አገሩ «ከጠላት የተያዘ ግዛት» ነው፣ አስተዳዳሪው እኛ ነን አሉ። በጥር 1934 ውል ተፈረመ፤ ነፃነታችን ታወቀ፣ ግን አማካሪውም ጦሩም በእንግሊዝ እጅ ቀረ። በታኅሣሥ 1937 የተሻለ ውል መጣ። ኦጋዴን የተመለሰው በ1941፣ ሀውድ በ1947 ነው። ስለዚህ ዲፕሎማሲው ከጦርነቱ ከእጥፍ በላይ ዓመት ወስዷል።

ሳንድፎርድና ዊንጌት ከራሳቸው አለቆች ጋር እየተጣሉ ለኢትዮጵያ ነፃነት ቆመዋል፤ ይህን መካድ ነውር ነው። ሳንድፎርድ ኋላም ኢትዮጵያ ውስጥ ኖሮ እዚሁ ሞተ።

ከደብረ ታቦር፦ አያቴ አርበኛ ነበሩ፤ ታሪካቸውን ከየት ላገኝ?

መጀመሪያ ቤት ውስጥ ፈልግ፤ የአርበኝነት ሜዳይ ወይም የምስክር ወረቀት ካለ በእነሱ ጀምር። ቀጥሎ አዲስ አበባ የጥንታዊት ኢትዮጵያ ጀግኖች አርበኞች ማኅበር ሂድ። ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም፣ እንዲሁም ወመዘክር ብዙ ሰነድ አለ። የአለቃቸውን ስምና የዘመቱበትን ወረዳ ይዘህ ሂድ፤ መዝገቡ የሚገኘው ብዙ ጊዜ በአለቃው ስም ነው። አያትህን የሚያውቁ ሽማግሌዎች በሕይወት ካሉ ደግሞ ከሁሉ በፊት ስልክህን አውጣና ድምፃቸውን ቅዳ።