የዓመት ፈቃዳችሁን በገንዘብ አትለውጡ

ልጆቼ፣

ባሕር ዳር ላይ ጥብቅና ስሠራ ፀጉሬ ሸብቷል። ከሐይቁ ዳር ሆቴሎች፣ ከፋብሪካ፣ ከሱቅና ከመጋዘን የሚመጡ ወጣቶች ቢሮዬ ገብተው ገና ሳይቀመጡ የሚሉኝ ነገር ይመሳሰላል፦ «ጋሼ፣ ፈርሜያለሁ እኮ፤ ከዚህ በኋላ ምን ማድረግ ይቻላል?» እኛ ዘንድ ፊርማ እንደ መሐላ ይፈራል። ማኅተም ካረፈበትማ ጭራሽ ነገሩ ያለቀለት ይመስለናል።

አንዷን ልንገራችሁ። የሆቴል ገንዘብ ያዥ ናት፤ የቤተሰቦቿ አገር ዘጌ። ከቦርሳዋ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው። «በዓመት ፈቃዴ ፋንታ ገንዘብ ለመውሰድ በራሴ ፍላጎት ተስማምቻለሁ» ይላል፤ ከሥሩ የእሷ ፊርማና ክብ ማኅተም። ከተቀጠረች ጀምሮ ፈቃድ ወጥታ አታውቅም። ገናና ጥምቀት ሲደርስ እንግዳው ይበዛል፣ ክረምት ላይ ደግሞ ሠራተኛ ይቀነሳል፤ ሁልጊዜ ምክንያት አለ። ብሩን ምን እንደምታደርገው ስጠይቃት፣ ቡና ለቀማ ሲደርስ ለእናቷ ትልከዋለች፤ እናቷ በእሷ ፋንታ ለቃሚ ይቀጥሩበታል። በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ለሚያስኬድ አገር!

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 76 እንዲህ ያለውን ስምምነት አያውቀውም። ሠራተኛ የዓመት ፈቃድ መብቱን በውል ቢተው ውሉ ዋጋ የለውም፤ ሥራ ላይ እያለ በፈቃዱ ፋንታ ገንዘብ መክፈልም ክልክል ነው። ያልተወሰደ ፈቃድ በገንዘብ የሚታሰበው የሥራ ውሉ ሲቋረጥ ነው። ይህን ስነግራት ግራ ተጋብታ፣ «ታዲያ ልረፍ ነው የሚሉኝ?» አለችኝ። አዎ፣ ልጄ፤ ሌላ ምን ልልሽ።

ሕጉ በገንዘብ እንዳይለወጥ ለምን ከለከለ? ገንዘብ የሚያስፈልገው ሰው ከተፈቀደለት ዕረፍቱን እንደሚሸጥ ስለሚታወቅ ነው። ለዚህ ነው ፈራሚው ወዶ መፈረሙ የማያዋጣው። የካዝና ጉድለት ተገኘባቸው ተብለው የተከሰሱ ልጆችን መዝገብ ስይዝ አስቀድሜ የምጠይቀው መጨረሻ ፈቃድ የወጡት መቼ እንደሆነ ነው። ለምን እንደምጠይቅ ሌሊትና ቀን ሽፍት ደርቦ ብር የቆጠረ ሰው ያውቀዋል። ልብ ያለው አሠሪም ቢሆን ገንዘብ ያዡን ግድ ብሎ ያሳርፋል፤ ለርኅራኄ ብቻ አይደለም፣ ተተኪው ሲቀመጥ ሒሳቡ ይጣራልና።

የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው፤ ከዚያ በየሁለት ተጨማሪ የአገልግሎት ዓመት አንድ ቀን ይጨመራል። መቼ እንደምትወጡ አሠሪው በፕሮግራም ያወጣል፤ ስለዚህ «መብቴ ነው» ብሎ ሳያስፈቅዱ ነገ ጠዋት ከሥራ መቅረትም ያስጠይቃል። ይህን ለይታችሁ ያዙ፤ መብቱ የእናንተ ነው፣ ቀኑን ግን ከሥራው ጋር ማስማማት ግድ ነው። አሠሪው ለሥራ ሲል ቢያስተላልፈው እንኳ ከሁለት ዓመት በላይ ማቆየት አይችልም። ፈቃድ ላይ ሆናችሁ በቴሌግራም «ለግማሽ ቀን ብቅ በይ» ቢባልስ? ከፈቃድ መጥራት የሚቻለው ያልታሰበ ችግር ተፈጥሮ እናንተ የግድ ስታስፈልጉ ብቻ ነው፤ የቀረው ቀን ይካካሳል፣ የመንገድ ወጪም የአሠሪው ነው።

«የተጻፈ ውል የለኝምና ሠራተኛ አይደለሁም» የሚለውም ብዙ ነው። የቃል ውል ውል ነው። አሠሪው ነው በ15 ቀን ውስጥ የሥራውን ሁኔታ ጽፎና ፈርሞ መስጠት ያለበት፤ ባይሰጥ የሚጎዳው መብት የለም። የሥራ ልምድ ማስረጃም ሲለቁ ያለ ክፍያ ይሰጣል፤ መያዣ አይደለም። የመንግሥት ሠራተኞች ግን በሌላ ሕግ ስለምትተዳደሩ ከላይ የጻፍኩትን ቁጥር ይዛችሁ ቢሯችሁ አትሂዱ። ሆቴል ውስጥ «ማናጀር» የሚል ባጅ ተለጥፎላችሁ ከአዋጁ ወጥታችኋል ብትባሉ ደግሞ አትደንግጡ፤ የሚታየው ባጁ ሳይሆን ሠራተኛ የመቅጠርና የማሰናበት ዓይነት ሥልጣን በእጃችሁ መኖሩ ነው።

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ይርጋ፣ ማለትም ክስ የማቅረቢያው የጊዜ ገደብ ነው። እውነት ይዘው የሚሸነፉት በእሱ ነው። «ሽማግሌ ገብቷል፣ ይከፍሉኛል» እያሉ ወራት ያሳልፋሉ፤ ሽማግሌው ሲያቅተው ወደ እኔ ይመጣሉ፤ ቀኑን እቆጥራለሁ፣ አልፏል። ከሥራ ተባርሮ ወደ ሥራው መመለስ የሚፈልግ 3 ወር ብቻ አለው። ያልተከፈለ ደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓት፣ ውል ሲቋረጥ የሚገባ ማናቸውም ክፍያ 6 ወር። ሌላው በጠቅላላው 1 ዓመት። ሽምግልና ደግ ነገር ነው፤ እኔም ብዙ ጉዳይ በእርቅ ጨርሻለሁ። ግን እየተሸማገላችሁም የቀን መቁጠሪያውን እዩ።

ስለዚህ ፈቃድ ስትጠይቁ በጽሑፍ ጠይቁ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ። በሁለት ኮፒ ጻፉ፤ በእናንተ እጅ በሚቀረው ኮፒ ላይ የተቀበለው ሰው ይፈርም፣ ቀን ይጻፍበት። አልቀበልም ካለ በፖስታ ቤት በሪኮማንዴ (ተመዝግቦ በሚላክ የአደራ ደብዳቤ) ላኩት፤ ደረሰኙን እንዳትጥሉ።

ሲፈቀድላችሁም ውጡ። ብር የለኝም አትበሉ፤ ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ወጥቶ አባይን ቁልቁል ማየት ሆቴል አያስይዝም። የገንዘብ ያዧ ልጅ በቀጣዩ ለቀማ ዘጌ ሄዳ ነበር፤ ለአንድ ሳምንት ስልኳን ዘግታ ከእናቷ ጋር ቡና ለቀመች። ስትመለስ ከአለቃዋ ጋር ተኳርፋለች፤ ሥራዋ ላይ ግን አለች።

የማይሆን ሆኖ ፍርድ ቤት መሄድ ቢመጣ ደግሞ «ገንዘብ የለኝም» ብላችሁ አትቅሩ። ሠራተኛ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ክስ ሲመሠርት የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። የጠበቃውን ነገር እኔ ዘንድ መጥታችሁ እንነጋገራለን።