መልስ፦ የአንጀሎ ብራንካ የ1966 ዝውውር እድገት ነው

ስለ ካናዳዊው ጠበቃና ዳኛ አንጀሎ ብራንካ በምትጽፈው ውስጥ፣ ከጠቅላይ ፍርድ ቤት ወደ ይግባኝ ፍርድ ቤት መዛወራቸው ዝቅ መደረግ ነው ወይ ብለህ ጠይቀሃል። ዝቅ መደረግ አይደለም፣ እድገት ነው። አንጀሎ ብራንካ በ1963 እ.ኤ.አ. የካናዳ ክፍለ ግዛት የሆነችው የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነው በ1966 ወደ ይግባኝ ፍርድ ቤት መሄዳቸው ግራ ያጋባህ በኢትዮጵያ እርከን ስላየኸው ነው። በዚያ ክፍለ ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከባድ ጉዳዮች በመጀመሪያ ደረጃ የሚታዩበት ነው፤ ይግባኝ ፍርድ ቤቱ ከበላዩ ነው።

ሥራውም ይለያል። ታች አንድ ዳኛ ምስክር ይሰማል፤ በከባድ ወንጀል ጁሪም (ከተራው ሕዝብ የተመረጡ ፈራጆች ቡድን) ይቀመጣል። ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ዳኞች መዝገቡን ይዘው የሕግ ስህተት ካለ ይመረምራሉ። ለአሥርት ዓመታት በነፍስ ግድያ ክሶች ለተከሳሽ ሲሟገቱ፣ ምስክርን በመስቀለኛ ጥያቄ ሲያፋጥጡ ለኖሩት ለብራንካ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ጽሑፍህ ውስጥ ሰፋ ያለ ቦታ ስጠው።

በ1978 ከወንበር የወረዱትም በዕድሜ ነው፤ የተወለዱት በ1903 ሲሆን፣ በካናዳ የእነዚህ ፍርድ ቤቶች ዳኛ 75 ዓመት ሲሞላው ይሰናበታል።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ «የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ» ብለህ እንዳትጽፍ። እሱ ኦታዋ ያለው ነው። እዚያ ለመቀመጥ የመጀመሪያው ጣሊያናዊ-ካናዳዊ በ1991 የተሾሙት ፍራንክ ያኮቡቺ ናቸው።