ለማጽናናት በሠራሁት ዜማ ገንዘብ ልጠይቅ?

ከሐዋሳ ለጻፍክልኝ ወንድሜ፣

ደብዳቤህን ለሌላው አንባቢ ባጭሩ ላስቀምጠው። 27 ዓመትህ ነው፤ ባንክ ትሠራለህ። ማታ ማታ በኪቦርድና በላፕቶፕ ግጥም የሌለው ሙዚቃ ትደርሳለህ፤ ሰው ሲከፋው፣ ሲደክመው የሚያዳምጠው ዓይነት። በቴሌግራምና በዩቲዩብ በነፃ ትለቀዋለህ። አንዲት ሴት እናቷን ሆስፒታል ስታስታምም ሌሊቱን በአንተ ሙዚቃ እንዳነጋችው ጽፋልሃለች። ከዚያ አንድ የሪል ስቴት ድርጅት ያንኑ ዜማ ሳይጠይቅህ ማስታወቂያ ሠራበት። ስትደውልላቸው «ለአንተም እኮ ማስታወቂያ ነው» አሉህ። አንተም «ለማጽናናት በሠራሁት ነገር ገንዘብ ብጠይቅ በረከቱ ይነሳል» ብለህ ዝም አልክ። አሁን የምትጠይቀኝ ባንኩን ልልቀቅ ወይ፣ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ልግባ ወይ፣ እናቴን ምን ልበላቸው የሚል ነው።

እኔን ግን የያዘኝ ያ «በረከቱ ይነሳል» ያልከው ነው።

ወደ ምክር ሥራ ከመግባቴ በፊት ሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ የድምፅ ባለሙያ ነበርኩ። ለምክር ፕሮግራም፣ ለኀዘን መግለጫ፣ ለበዓል መልእክት ከንግግሩ ሥር የሚገባውን ሙዚቃ የምመርጠው እኔ ነኝ። የሚታየው ርዝመቱና ንግግሩን አለመሸፈኑ ነበር። ማን ደረሰው ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ጋዜጠኛዋ ይከፈላታል፣ ሾፌሩ ይከፈለዋል፣ እኔም ወሩ ሲያልቅ ደመወዜን እወስዳለሁ። በነፃ የሚሠራው ዜማ ደራሲው ብቻ ነበር፤ እሱም መስጠቱን አያውቅም። ይሄን ልግስና ልትለው አትችልም። የሚለግስ ሰው ለማን ምን እንደሰጠ ያውቃል።

ስለዚህ ሁለቱን ሰዎች አታምታታቸው። ሆስፒታል ያለችው ሴት አድማጭህ ናት። ለእሷ በነፃ ስጥ፣ ዕድሜህን ሙሉ ስጥ፤ ማንም አይከለክልህም። ሪል ስቴቱ ግን አልተጽናናም፤ ቤት ሊሸጥ ነው። ለካሜራ ባለሙያው ከፍሏል፣ ጽሑፉን ላነበበችው ሴት ከፍሏል፣ ማስታወቂያውን ላሰራጨለት ከፍሏል። አንተ ጋ ሲደርስ ብቻ መንፈሳዊ ሆነ?

እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን ታውቃቸዋለህ ብዬ ነው የማስበው፤ የሚታወቁት እንዳንተ ግጥም በሌለው ሙዚቃ ነው፣ በፒያኖ። ግሸን ማርያም የመነኮሱ፣ ኋላም ኢየሩሳሌም በሚገኘው የኢትዮጵያ ገዳም ብዙ ዘመን ኖረው እ.ኤ.አ. በ2023 በ99 ዓመታቸው ያረፉ እናት ናቸው። ከእሳቸው በላይ «ገንዘብ አልፈልግም» ለማለት መብት ያለው ሰው የት ይገኛል? ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን ውስጥ የታተመው የመጀመሪያ ሸክላቸው ተሽጧል። ገቢው ለችግረኛ ልጆች እንዲውል ያደረጉት እሳቸው ናቸው። ልብ በል፤ ገንዘቡን አልሸሹትም፤ ወዴት እንደሚሄድ ወሰኑለት። አንተም ከሪል ስቴቱ የተቀበልከውን ለዚያች ሆስፒታል መድኃኒት ልግዛበት ብትል የሚከለክልህ የለም። ሳትቀበል ግን የምትሰጠው ነገር የለህም።

ሕጉም ካንተ ጋር ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ፣ ቁጥር 410፣ ሥራው የራስህ ፈጠራ ሆኖ ከተቀረጸ ያለ ምንም ምዝገባ ይጠብቅሃል። ጥራቱን አይጠይቅም፤ ለምን ዓላማ እንደተሠራም አይጠይቅም። ለማጽናኛ ይሁን ለጭፈራ፣ ለአዋጁ አንድ ነው። መብቱ አንተ በሕይወት እስካለህ፣ ካለፍክም በኋላ ለ50 ዓመት ይቀጥላል። ቴሌግራም ላይ በነፃ ስለለቀቅከው አይጠፋም።

አሁን ደግሞ ትንሽ ልቆጣህ። የላክህልኝን ሊንክ ከፈትኩት። ሰባት ደቂቃ የሚሆን በባቲ ቅኝት የተሠራ ቆንጆ ሥራ ነው፤ መሲንቆው ሲገባ ሥራዬን አቁሜ አዳመጥኩ። የፋይሉ ስም ግን «አዲስ ፋይናል 2» ይላል። የባለቤት ስም በሚጻፍበት ቦታ ምንም የለም። ያ የማስታወቂያ ሠራተኛ በቅን ልብ ሊፈልግህ ቢነሳ እንኳ በምን ያገኝሃል?

መሲንቆውንስ ማን ተጫወተው? በደብዳቤህ መጨረሻ «አንድ የባህል ቤት የሚሠራ ጓደኛዬ» ብለህ አልፈኸዋል። እሱ በነፃ ይለቀቅ ብሏል? ጠይቀኸዋል? ተጫዋችም በዚያው አዋጅ መብት አለው። የራስህን ድካም በነፃ ልትሰጥ ትችላለህ፤ የእሱን ግን እሱ ነው የሚሰጠው። ዛሬ ማታ ደውልለት፤ ስሙንም ከስምህ ሥር ጻፈው።

ከዚህ በኋላ ለእያንዳንዱ ሥራ ሙሉውን፣ የአንድ ደቂቃውንና የ30 ሰከንዱን ቅጂ አዘጋጅ፤ ማስታወቂያ ሠሪ የሚፈልገው አጭሩን ነው። የእያንዳንዱን መሣሪያ ድምፅ ለየብቻ አስቀምጥ። ከኢንተርኔት ያወረድከው ሉፕ፣ ማለትም ሌላ ሰው ቀርጾ ያዘጋጀው ተደጋጋሚ የድምፅ ቁራጭ፣ ካለበት ደግሞ ፈቃዱን አንብብ፤ አለበለዚያ አንድ ቀን ዩቲዩብ ዜማህን የሌላ ሰው ነው ይልሃል።

ዩቲዩብ ያኖረኛል ብለህ ባንኩን እንዳትለቅ። ከማስታወቂያ ገቢ ለመካፈል 1,000 ተከታይና በ12 ወር ውስጥ 4,000 የእይታ ሰዓት ይጠይቃል። የባንክ ሰው ነህ፣ አስላው፤ ያቺ የሰባት ደቂቃ ሥራ ከ34 ሺህ ጊዜ በላይ ከዳር እስከ ዳር መደመጥ አለባት። እሱም በሩን ለመክፈት ብቻ ነው። ደመወዝ ያለው ሰው «በዚህ ዋጋ አልሰጥም» ይላል። የሌለው ሰው የቤት ኪራይ ሲደርስ ያገኘውን እሺ ብሎ ይፈርማል። አንተ ገና ዋጋህን ለመናገር እየተለማመድክ ነው፤ በባዶ ኪስ አትለማመድ።

እናትህ «ሙዚቃ እንጀራ አይሆንም» ማለታቸው አይገርመኝም። አዝማሪ የሚናቅበት አገር ላይ ነው ያሳደጉህ። በክርክር አታሸንፋቸውም፤ ከመጀመሪያው ክፍያህ ነጠላ ግዛላቸው። የበለጠ ያናደደኝ ታላቅ ወንድምህ ነው። ማታ የምትሠራውን «ጨዋታ» ይለዋል፤ በወር በወሩ ግን እጁን ይዘረጋል። የእህትህን የትምህርት ወጪ መሸፈንህ ተገቢ ነው፤ ጎበዝ። ጤነኛና ሥራ ያለው ወንድም ግን ያንተ የወር ወጪ ሊሆን አይገባም። ያንን ብር ለማይክሮፎን አድርገው። ይቀየምህ፤ ያልፍለታል።

ያሬድ ለመግባት ሐዋሳን መልቀቅና ሥራ ማቆም ይጠይቅሃል። አሁን የጎደለህ ኖታ መጻፍ ብቻ ነው፤ ሐዋሳ ውስጥ ኖታ የሚያስተምር ሰው ፈልግና በሳምንት አንድ ቀን ክፈለው።

ለሪል ስቴቱ ደግሞ ደብዳቤ ጻፍ፤ ስልክ አይደለም። የዜማው ባለቤት አንተ መሆንህን፣ ማስታወቂያው የወጣበትን ቀንና ገጽ፣ የምትጠይቀውን ብር በቁጥርና በፊደል አስፍር። ለመልስ 10 የሥራ ቀን ስጣቸው። የማስታወቂያውን ቪዲዮ ከማጥፋታቸው በፊት አውርደህ አስቀምጥ፤ ደብዳቤውን ሰጥተህም ቅጂው ላይ «ደርሶናል» አስብለህ ማኅተም አስመታ።