ለልጃችሁ ደርት ባይክ ከመግዛታችሁ በፊት

ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ለልጃችሁ ደርት ባይክ፣ ማለትም ከመንገድ ውጭ የሚነዳ ሞተርሳይክል፣ ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ ገንዘቡን ያዝ አድርጉና መጀመሪያ ይህን አንብቡ። ትምህርት በተዘጋ ቁጥር ታሪኩ ያው ነው። ሞተሩ ይገዛል፣ ልጁ ሰፈር ለሰፈር ይነዳዋል፣ ፖሊስ ሞተሩን ይወስደዋል፣ ከዚያ ለእኔ ይደወላል። «ሕግ መኖሩን አላወቅንም» ትሉኛላችሁ። ለመኪናችሁ ታርጋ ስታወጡ ሕግ መኖሩን አውቃችኋል፤ ለሞተሩ ሲሆን ምን አስረሳችሁ?

1. ወረቀቱ

ለመንገድ የተሠራ ሞተር የፌዴራሉን የደኅንነት መመዘኛ ማሟላቱን የሚገልጽ ምልክት ተለጥፎበት ነው የሚመጣው። ደርት ባይክ ይህ የለውም፣ የሚሠራው ከመንገድ ውጭ እንዲነዳ ነው። አሪዞና ውስጥ መብራት፣ ስፖኪዮና ጡሩምባ የመሳሰለውን አሟልቶ ታርጋ ማውጣት ይቻላል። ካሊፎርኒያ ግን እንዲህ ያለውን ቅየራ አትቀበልም። ስለዚህ አሪዞና፣ ፊኒክስ ያለው አጎት በስልክ የነገራችሁን ይዛችሁ አትግዙ፣ የየራሳችሁን ስቴት ሕግ እዩ።

2. የየስቴቱ ሕግ

ዲሲ ውስጥ ደርት ባይክ በሕዝብ ቦታ መንዳት ጨርሶ ክልክል ነው። አስፋልቱም፣ መናፈሻውም፣ የእግረኛ መንገዱም ያው ነው። ልመዝግበው ብትሉም አይመዘገብም፣ ከተያዘም ሊወረስ ይችላል። ባልቲሞር ከዚህም ትጠብቃለች፤ ማደያዎች ለደርት ባይክ ቤንዚን እንዳይሸጡ የሚከለክል የከተማ ሕግ አላት።

ቨርጂኒያ ውስጥ ከ50 ሲሲ በላይ ሆኖ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2006 ወዲህ አዲስ ለተገዛ ደርት ባይክ ታይትል፣ ማለትም ሊብሬ፣ ማውጣት ግዴታ ነው። ሊብሬ አለኝ ብላችሁ ግን መንገድ ላይ አትወጡም። በሰው መሬት ላይ ለመንዳትም የባለቤቱ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል። «ጎረቤታችን ጥሩ ሰው ነው፣ ምንም አይልም» ብላችሁ የምትከራከሩኝ አላችሁ። ጥሩ ሰው ከሆነ ይፈርምላችሁ።

የላስ ቬጋስ ሰዎች እናንተ በረሃው ደጃችሁ ነው፣ ሞተር የሚነዳበት የአሸዋ ሜዳ፣ ኔሊስ ዱንስም፣ ቅርባችሁ ነው፤ ቢሆንም ኔቫዳ ሞተሩ እንዲመዘገብ ታስገድዳለች።

3. «ኤሌክትሪክ ነው፣ ብስክሌት ነው»

አይደለም። ካሊፎርኒያን ጨምሮ በብዙ ስቴቶች የኤሌክትሪክ ብስክሌት የሚባለው ፔዳል ያለው፣ ጉልበቱ ከ750 ዋት የማይበልጥ፣ ቢበዛ በሰዓት 28 ማይል ላይ ማገዙን የሚያቆም ነው። እነ ሱሮን የሚባሉት የኤሌክትሪክ ሞተሮች ከዚህ በጣም ያልፋሉ። በኢንተርኔት ታዞ በካርቶን ደጃችሁ ስለደረሰ ብስክሌት አይሆንም።

4. ሕጉን የሚነግራችሁ ማን ነው?

እኔን የሚያቃጥለኝ ይኼኛው ነው። ሕጉን የሚነግራችሁ ልጁ ነው። የሻጩን ውል የሚያነበው እሱ ነው፣ እናንተ ትፈርማላችሁ። «ፖሊስ ምንም አይልም አለኝ» ትላላችሁ። የ15 ዓመት ልጅ ሞተር ለማግኘት ሌላ ምን ይበላችሁ?

ለምን እሺ እንደምትሉትም አውቃለሁ። እናት ከነርሲንግ ሆም የሌሊት ፈረቃ ስትገባ አባት ለኡበር ይወጣል። ልጁን ከሳምንት አንዴ ነው በደንብ የምታዩት፣ ባያችሁት ቀን ደግሞ እምቢ ማለት ይከብዳችኋል። ሞተሩ የሚገዛው ላልነበራችሁበት ጊዜ ካሣ እንዲሆን ነው። ልጁም ይህን ያውቃል፣ መቼ እንደሚጠይቃችሁም ያውቅበታል።

ከዚያ ቋንቋው አለ። ሕፃን ሳለ አማርኛ ሲናገር «እንግሊዝኛው ይቅደም» ብላችሁ ተዋችሁት። አሁን በአማርኛ ስትቆጡት መቆጣታችሁን ይሰማል፣ ምክንያታችሁን አይሰማም። በእንግሊዝኛ ስትሞክሩ ደግሞ ቃል ያጥራችሁና ዝም ትላላችሁ። አሥራ ስድስት ዓመት የሞላውን ልጅ ምክንያቱን ሳትነግሩት «ተው» ብትሉት አይተውም።

አንድ የማውቀው አባት አለ። ልጁ መብራት ላይ ከመኪና ጋር ተጋጨ። ሆስፒታል ስደርስ ሐኪሙ የሚለውን ለአባቱ የሚያስተረጉመው አልጋ ላይ የተኛው ልጅ ራሱ ነበር። ስለ ራሱ እግር፣ በተሰባበረ አማርኛ፣ ሕመሙን ዋጥ እያደረገ። አባትየው «ምን አለ? ምን አለ?» ይላል። ልጁ ተርፏል፣ እግሩ ግን እንደ ቀድሞው አልሆነም። ሞተሩ ሊገዛ ሰሞን ከአባትየው ጋር ቤተ ክርስቲያን ግቢ ቆመን ስለ ሀገር ቤት ፖለቲካ ብዙ አውርተን ነበር። ስለ ልጆቻችን አንድም ቃል አልተነጋገርንም። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ከልጁ ጋር ተቀመጡ። የስቴታችሁን የዲኤምቪ፣ ማለትም የታርጋና የመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱን፣ ገጽ አብራችሁ ክፈቱ፣ እሱ ያንብብ፣ ያነበበውን በአማርኛ ያስረዳችሁ። ይንተባተብ፣ ታገሡት። ያልገባችሁን መልሳችሁ ጠይቁት፣ እናንተም የምትፈሩትን ንገሩት። ሁለት ሦስት ቅዳሜ ቢወስድ ይውሰድ። ከዚያ «የት ነው የምትነዳው? ማን ጭኖ ይወስድልሃል?» በሉት። መልሱ «እዚሁ ሰፈር» ከሆነ ግዢው ቀርቷል።

ግሪን ካርድ ያለው፣ ዕድሜው 18 የሞላ ልጅ ካላችሁ ደግሞ ይህን ጨምሩለት፦ የዜግነት ማመልከቻው፣ ኤን-400፣ ታስረህ ወይም ተከሰህ ታውቃለህ ብሎ ይጠይቃል። ፖሊስ ቁም ሲል በሞተር መሸሽ ወንጀል ነው። ጓደኞቹ ሲሸሹ አይቶ የሚሸሽ ልጅ ይህን ማን ነግሮት ያውቃል?

5. የቀረው

የመኪናችሁ ኢንሹራንስ ደርት ባይክን ይሸፍናል ብላችሁ አታስቡ። የቤቱም ከግቢ ውጭ ለሚደርስ ጉዳት በአብዛኛው አይከፍልም። ደውላችሁ ጠይቁ። ደቡብ ሜሪላንድ ባድስ ክሪክ የሞቶክሮስ ሜዳ አለ። ሞተርሳይክል ሴፍቲ ፋውንዴሽን ደግሞ ከ6 ዓመት ጀምሮ የሚሰጥ የደርት ባይክ ትምህርት አለው። ሞተሩን ከመግዛታችሁ በፊት ልጁን ትምህርቱ ላይ አስመዝግቡት። የሚወስደውም አባት ወይም እናት ይሁን፣ የዚያን ቀን ፈረቃ ለሰው ስጡ።